ጣርማ በርን በምን እንውረድ?

ባልና ሚስት በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሁለት ሦስት ቀን ከቤትና ከሥራ ወጣ ብለው ለብቻቸው ቢያሳልፉ መልካም እንደሆነ በየባለትዳሮች ኅብረቱ ይመከራል። ምክሩ ጥሩ ነው። ጭቅጭቁ የሚጀምረው «እሺ፣ ወዴት?» ከተባለ በኋላ ነው፤ እርሱ ሲያልቅ ደግሞ «በምን?» ይመጣል። በብዙ ቤት እንደማየው ባል መኪና መከራየት ያምረዋል፤ ሚስት የኪራዩን ሂሳብ ስትሰማ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ይታያታል። የተገላቢጦሽ የሆነበት ቤትም አለ። ለዕረፍት የታቀደው ጉዞ ገና ሳይጀመር ሁለቱም ተኮራርፈው ያድራሉ።

እስቲ በአንድ መንገድ ላይ እንነጋገር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ አልፎ ደሴ የሚገባው፣ ከደሴም አልፎ ሐይቅ የሚያደርሰው ጎዳና ነው። እስከ ሐይቅ ወደ 430 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አብዛኛው ሰው ይህን ጉዞ ሲያስብ የሚታየው መጨረሻው፣ ማለትም የሐይቁ ውኃ ነው። የመካከሉን አገር በእንቅልፍ ያልፈዋል። እኔ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ላይ እደሩ እላለሁ። እዚያ ለማደር ከወሰናችሁ «መኪና ወይስ አውቶቡስ?» የሚለው ጥያቄ ግማሹ ይመለስላችኋል።

ከሁሉ በፊት ግን መባል ያለበት አለ። ይህ አካባቢ ባለፉት ዓመታት ብዙ መከራ አይቷል። በ2013 ዓ.ም የጸደይ ወራት አጣዬ በግጭት ተቃጥላለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ ዘልቋል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት የተነሣ መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ቆይቷል። መንገድ ሲዘጋ ለአውቶቡሱም ለኪራይ መኪናውም እኩል ይዘጋል። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ወይም ደሴ ዘመድ ያለው፣ የአጥቢያ ወዳጅ ያለው ይደውል። ላምበረት መናኸሪያ ሄዳችሁም ትናንት ከዚያ የገባ ሹፌር ፈልጋችሁ ጠይቁ። «ሰሞኑን ባትሄዱ ይሻላል» ካሏችሁ አትሂዱ። የታመመ ለመጠየቅ ወይም ለቀብር የሚሄድ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ የዕረፍት ጉዞ ግን ወር ቢቆይ ምንም አይሆንም። ደሴና ኮምቦልቻ መድረስ ግድ ለሆነበት ሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የኮምቦልቻ በረራ አለ። ከዚህ በታች የማወራው መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን ስለሚደረግ ጉዞ ነው።

«ባቡርስ?» የሚል አይጠፋም። ጣሊያን አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ወደ ኮሞ ሐይቅ ሲሄዱ ከሚላኖ ባቡር ይሳፈሩና በአንድ ሰዓት ገደማ ውኃው ዳር ያለችው ቫሬና ላይ ይወርዳሉ። ከዚያ ወዲያ ጀልባው ከመንደር መንደር ያደርሳቸዋል። መኪና የተከራየው በጠባቡ የሐይቅ ዳር መንገድ ላይ ማቆሚያ ሲፈልግ ይውላል። እዚያ ነገሩ ቀላል ነው፤ ባቡሩ ውኃው ድረስ ይወስዳል። በእኛ ሐዲዱ እንጂ ባቡሩ የለም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር ግንባታው በ2007 ዓ.ም ተጀምሮ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ሐዲድ ተዘርግቶለታል። ሥራውን የያዘው ያፒ መርኬዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ነው። ነገር ግን መደበኛ የመንገደኛ ባቡር ሳይመላለስበት ዓመታት አልፈዋል፤ በጦርነቱም ጉዳት ደርሶበታል። ከለቡ የሚነሣው ባቡር ደግሞ ወደ ድሬዳዋ ነው የሚሄደው። እንግዲህ የቀረን አውቶቡስና መኪና ነው።

እኔና ባለቤቴ ሁለቱንም ሄደንባቸዋል፤ በ2001 ዓ.ም በአውቶቡስ፣ በ2010 ዓ.ም በኪራይ መኪና።

የአውቶቡሱ ጉዞ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። የሰሜን ሸዋው አውቶቡስ ከላምበረት ይነሣል፤ ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ ሸኖን እያለፈ 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። እስከዚያ ድረስ ብርድ ነው። ከጎናችን የተቀመጡት እናት ከሁለት ፌስታል በቀር ዕቃ አልያዙም ነበር፤ በአንዱ እንጀራ፣ በሌላው በሶና ስኳር። ብዙ ሰው የሸዋ ሮቢትን ስም የሚያውቀው በማረሚያ ቤቱ ነው፤ ይህ መስመርም የእስረኛ ቤተሰብ ስንቅ ይዞ የሚመላለስበት መስመር ነው። እኝህ እናት በየወሩ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ነበሩ። መንገዱን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። ጣርማ በር ላይ ስንደርስ ጋቢዬን እያዩ «ልጄ፣ ቀስ እያልሽ አውልቂ፤ ከዚህ በታች እሳት ነው» አሉኝ። በስተቀኝ መስኮት በኩል እንድቀመጥም ባለቤቴን አስነሡልኝ። «አንተ ወንድ ነህ፣ ሌላ ጊዜ ታያለህ» አሉት። ከመውረዳቸው በፊት የልጃቸውን ስም ጠየቅናቸው፤ በጸሎት እንድናስበው። በኪራይ መኪና ብንሄድ ኖሮ ያችን ሴት አናገኛትም ነበር።

ጣርማ በርን በደንብ ላውራው፤ የዚህ ጉዞ ልቡ እርሱ ነውና። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጠው ደጋ እዚያ ላይ በድንገት ያልቃል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባለው ጊዜ፣ ተራራውን ሰርስረው ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ አውጥተውለታል፤ መንገዱ ዛሬም የሚያልፈው በዚያው ነው። ከዋሻው በወዲህ ጉምና ገብስ ነበር፤ ከዋሻው በወዲያ ገደል አለ፣ ከገደሉ ሥር እስከ አፋር በረሃ የሚዘረጋ ቆላ አለ። በገደሉ ጠርዝ ላይ ደረታቸው ቀይ የሆኑት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲነጩ ይታያሉ። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀመራል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የሚሸጡ ሴቶች በየመስኮቱ ይንጠለጠላሉ። ከደብረ ሲና በታች ጆሮ ይደፈናል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይደፈናል። ጋቢው ይወልቃል፤ ሹራቡ ይወልቃል። ቀወት ሜዳ ላይ ስትደርሱ 1,300 ሜትር እንኳ ከማይሞላ ከፍታ ላይ ናችሁ። በአንድ ጠዋት፣ በ60 ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ ከክረምት ወደ በጋ ወርዳችሁ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በ2010 ዓ.ም ባለቤቴ መሪውን ይዞ ስንወርድ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እርሱ ያየው የሲኖትራክ ኋላ ነው። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ ያስፈልጋል፤ በፍሬን ብቻ ከተወረደ ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለም አይዝም። ጉም ሲወርድ ከፊታችሁ ያለው መኪና መብራቱ ብቻ ይቀራል። «ጭላዳውን አየኸው?» ስለው «የቱ ጋ?» ይለኛል፤ ቀና ሲል አልፈነዋል። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ትከሻው እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር፤ ምሳ በልቶ ተኛ። ለብቻችን የምንጨዋወትበት ከሰዓት በኋላ በዚያ አለቀ። እኔ ሁለቱን ጉዞ ሳወዳድር ከዋጋው በፊት ይህን አስቀምጣለሁ። ለሁለት ሰው ዕረፍት ተብሎ በወጣ ገንዘብ አንዱ ሹፌር ሌላው ተሳፋሪ ሆኖ መዋል አለበት ወይ? መኪና ከተከራያችሁም ከነሹፌሩ ተከራዩ፤ በዚህ መንገድ ላይ ሹፌር ቅንጦት አይደለም።

ሸዋ ሮቢት በራሷ ለዓይን የምትማርክ ከተማ አይደለችም። አስፋልቱ መካከሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ግራና ቀኙ ሆቴል፣ ጎሚስታ ቤት፣ የሽንኩርት ክምር ነው። ዓላማው ግን ከተማዋ አይደለችም። የሮቢ ወንዝና ሌሎች ከደጋው የሚወርዱ ወንዞች ሜዳውን ያጠጡታል፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ትምባሆ፣ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ይበቅልበታል። ማሾ በአገራችን ብዙ የማይበላ ትንሽ አረንጓዴ እህል ነው፤ ከዚህና ከደቡብ ወሎ ተሰብስቦ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፤ ከ2006 ዓ.ም ጀምሮም በምርት ገበያ ድርጅት ይገበያያል። ማሽላው ባፈራበት ወቅት ከወረዳችሁ ልጆች በእንጨት ማማ ላይ ቆመው ወንጭፍ እያጮሁ ወፍ ሲያባርሩ ታያላችሁ። ድምፁ ከሩቅ እንደ ጥይት ስለሚሰማ እንዳትደነግጡ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ቀን ላይ አትውጡ። ሙቀቱ ለደገኛ ሰው ከባድ ነው። ከተማዋ ነፍስ የምትዘራው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወንበሩን ይዞ ደጅ ይወጣል፣ ፓፓያና ማንጎ በየጋሪው ይቆረጣል፣ ባጃጆች ይርመሰመሳሉ። ያኔ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ወጣ በሉ፤ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። አልጋ ስትይዙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ አጎበርና ቬንትሌተር። ቦታው የወባ አገር ነው፤ አጎበር የሌለው ክፍል በነጻ ቢሰጣችሁም አትያዙ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

በማግስቱ ጠዋት የምታዩት ይፋት ነው። ስሙን በታሪክ ትምህርት ሰምታችሁት ይሆናል። ከባሕር ማዶ ጨርቅና ዕቃ ከዘይላ ወደብ በግመል ተጭኖ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣው በዚህ በኩል ነበር። ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ነገሥታት የይፋት ሱልጣኔት ማዕከል እዚሁ ነበር፤ ከደጋው የክርስቲያን ነገሥታት ጋር አንዴ እየገበሩ አንዴ እየተዋጉ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ኖራና አስበሪ በተባሉ ቦታዎች በድንጋይ የታነጹ የእነዚያን ከተሞች ፍርስራሽ፣ መስጊዶቻቸውንና መቃብሮቻቸውን አጥንተዋል። በደጋውና በቆላው መካከል ባለው ተረተር ላይ ያሉት የአርጎባ መንደሮች ዛሬም በድንጋይ ቤቶቻቸው ይታወቃሉ። አርጎቦች ከጥንት በሽመናና በንግድ የታወቁ ሕዝብ ናቸው። እኛ የወንጌል አማኞች አገራችንን ስናስብ ብዙ ጊዜ ከሚሲዮናውያን መምጣት ጀምረን እንቆጥራለን፤ ይህን ሜዳ ያየ ሰው አቆጣጠሩን ትንሽ ወደ ኋላ ይወስደዋል። እንግዳ ሆናችሁ ስትገቡ ሰላምታ አስቀድሙ፤ አለባበሳችሁ የተሸፈነ ይሁን፤ መስጊድና መቃብር አጠገብ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት የሰፈሩን ሽማግሌ አስፈቅዱ። የሮመዳን ጾም ከሆነም ምሳችሁን በአደባባይ አትብሉ።

እንግዲህ መኪና በእርግጥ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ዋናው አስፋልት አውቶቡስና ሚኒባስ ሞልቶታል። ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ወደ ገጠሩ ለመዝለቅ ግን የሚወስዳችሁ ያስፈልጋል። ስለዚህ ልጅ ያልያዙ ባልና ሚስት እንዲህ ቢያደርጉ ይበጃል ባይ ነኝ፦ እስከ ሸዋ ሮቢት በአውቶቡስ፤ እዚያ አድሮ በማግስቱ ለግማሽ ቀን የአካባቢውን መኪና በኮንትራት መያዝ፤ ከዚያ ደግሞ በሕዝብ መኪና ወደ ኮምቦልቻና ደሴ መቀጠል። የአገሩ ሹፌር መንገዱን ብቻ ሳይሆን ሰዉንም ያውቃል። ከአዲስ አበባ መኪና ተከራይቶ ሁለት ቀን ሆቴል በር ላይ አቁሞ መክፈል ግን ገንዘብን ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው።

ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ሐይቅ ደርሶ መልስ 860 ኪሎ ሜትር ነው። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ከሆነች 86 ሊትር ቤንዚን ትፈልጋለች፤ ለየጎን መንገዱ ሲጨመር ከ90 በላይ በሉት። በዚያ ላይ የየቀኑ ኪራይ፣ የሹፌሩ አበልና አልጋ አለ። መኪናዋ ቆማ የዋለችበትም ቀን ይቆጠራል። አውቶቡስ ግን ሁለት ሰው፣ ሁለት ቲኬት ነው።

ይህን ስል መኪና ለማንም አይሆንም ማለቴ አይደለም። ሕፃን የያዘ ሰው መኪና ይከራይ። ጉልበታቸው የሚያማቸውን እናት ወይም አማት ይዞ የሚሄድም እንዲሁ፤ እርሳቸው «እዚህ አቁሙልኝ» ሲሉ የሚያቆም ሹፌር ከምንም ይበልጣል። ከኅብረታችሁ ሌላ ባልና ሚስት ጋር ተስማምታችሁ አራት ሆናችሁ ብትሄዱ ወጪው ለሁለት ይከፈላል። ውሉን ስትፈርሙ ግን ባለ መኪናው ወደዚያ አቅጣጫ ለመላክ ፈቃደኛ መሆኑን፣ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደተፈቀደላችሁ፣ ኢንሹራንሱ ሙሉ ይሁን የሦስተኛ ወገን ብቻ በጽሑፍ አስፍሩ። መንገድ ተዘግቶ መመለስ ቢያቅት የተጨማሪውን ቀን ኪራይ ማን እንደሚከፍልም ተነጋገሩ። በዚህ ዘመን ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። ሹፌሩን ደግሞ ሌላ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይምጡ» ብላችሁ አብራችሁ ብሉ፤ የመንገዱን ወሬ ሁሉ የያዘው እርሱ ነው።

ከሸዋ ሮቢት ወደ ሐይቅ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ጀውሃን አልፋችሁ ሰንበቴ ትደርሳላችሁ፤ ገበያው እሁድ ነው። ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባውና አማራው የሚገናኝበት ገበያ ነው፤ ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ቅቤው ሁሉ ይወጣል። ቀኑ እሁድ በመሆኑ ከአምልኮ ጋር መጋጨቱ ለእኛ ቢጤዎች አያመችም፤ እንደየኅሊናችሁ። ቀጥሎ አጣዬ፣ ከዚያ ከሚሴና የጨፋ ረግረግ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ። እዚህ ሁሉ ላይ ከብትና ግመል አስፋልቱን የራሱ ያደርገዋል፤ በመኪና የምትሄዱ በጨለማ አትሂዱበት። ከኮምቦልቻ ደሴ ዳገት ነው፤ ደሴ ላይ ጋቢው ተመልሶ ይለበሳል። ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሚኒባሶች ይመላለሱበታል።

ሐይቁ ፀጥ ያለ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስፋፉት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከዳሩ ላይ ነው፤ የብዙ መነኮሳት ትምህርት ቤት የነበረ ስመ ጥር ቦታ ነው። ሴት አይገባበትም። ባሎች ገብተው እስኪወጡ እኛ ሚስቶች ውኃው ዳር ተቀምጠን ዓሣ እንጠብሳለን። እኔ በበኩሌ አልተከፋሁም፤ ባለቤቴ ሲመለስ ያየውን ሁሉ በዝርዝር እንዲነግረኝ አድርጌ ዓሣውን እስኪቀዘቅዝ አስቆይቸዋለሁ።

ስለ ዕቃ አንድ ነገር ላክል። ማንጎና ሽንኩርት ስትመለሱ እንጂ ስትሄዱ አትግዙ። በመኪና ከሆናችሁ ከኋላ ትጭኑታላችሁ፤ ጠረኑ ግን እስከ አዲስ አበባ አብሯችሁ ይመጣል። በአውቶቡስ ከሆነ ረዳቱ ለጭነት ያስከፍላል፤ ከረጢቱ ላይኛው ፖርቶመጋላ ላይ ከወጣ በኋላ ክርክር ዋጋ የለውምና ገና መሬት ላይ ሳለ ዋጋውን ተስማሙ። ጋቢያችሁንም ከከረጢቱ ጋር አታስጭኑ። ጣርማ በር ላይ ስትወጡ ታስፈልጋችኋለች።